ባዜቃ የጎረሰው መንጋጋዬ

ጅጅጋ እህል ተራ ውስጥ ነጋዴ ሁሉ የሚፈራው አንድ ነገር ነበር። ፖሊስ እንዳይመስላችሁ፤ ጉምሩክም አይደለም። የእኔ የግራ መንጋጋ ነው።

ሥራዬ እህል መቸርቸር ነው። በጆንያ እገዛለሁ፣ በኪሎ እሸጣለሁ። እህል ተጭኖ ሲመጣ ሌላው ሰው እጁን እስከ ክርኑ ጆንያው ውስጥ ይከታል፣ ያሸታል፣ ዘግኖ ወደ ፀሐይ ያያል። እኔ እቴ! አንዲት ፍሬ አነሳና በግራ መንጋጋዬ ቀጭ አደርጋታለሁ። ደረቅ ከሆነች ትጮሃለች። ሚዛን እንድትደፋ ውሃ የረጩባት ከሆነች ግን ዝም ብላ ትጨፈለቃለች፤ ስትታማ የነበረችው ሴትዮ ድንገት ስትገባ ቤቱ ዝም እንደሚለው ማለት ነው። እርጥብ እህል የገዛ ሰው ደግሞ አለቀለት፤ መጋዘን ውስጥ ይሻግትበታል፣ ደንበኛ በደጁ አያልፍም። እኔ በአንድ ጥርስ ስንት ዓመት አንድ ጆንያ ሻገተብኝ ብዬ አላውቅም። ጎረቤቶቼ እንኳ ከመግዛታቸው በፊት አንዳንድ ፍሬ እያመጡ "እስኪ ንከሽልን" ይሉኝ ነበር።

ጥርሱ ታዲያ ባዶውን አይደለም፤ ብር አለበት። ባለቤቴ ወታደር ሆኖ እዚህ ሲመደብ ተከትዬው የመጣሁ ጊዜ፣ ገና ልጅ እግር ነኝ፣ ሁለት ጥርሴ ተበላ። አንዱ በግራ አንዱ በቀኝ። ጦር ሰፈሩ ውስጥ የነበረው ሐኪም ቆፈር ቆፈር አደረገና በብር ሞላልኝ። ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ "ሌላው ወንድ ለሚስቱ ብር አንገቷ ላይ ያስራል፣ እኔ አፏ ውስጥ አሰርኩላት" እያለ ይፎክር ነበር። "አፏ ውስጥ ምን ጎደለ? ብር" ይላል። ደርግ ወደቀ፣ ሠራዊቱ ተበተነ፣ እሱም ከዓመታት በኋላ አረፈ፤ እኔ ከነብሬ ጅጅጋ ቀረሁ።

የቀኙ ብር ጥሩ ነው፣ ግን ሥራ ፈት ነው። ከላይ የሚገጥመው ጥርስ ከወለቀ ቆየ። አንድ እጅ ብቻውን ያጨበጭባል? ስለዚህ ያለኝ የግራው ብቻ ነው።

ከጎኔ የምትሸጥ ሶማሌ ጓደኛ አለችኝ። ስኳርና ፓስታ ድንበር ላይ ካለችው ቶጎጫሌ እያስመጣች ትሸጣለች። የፊት ጥርሷ ላይ ወርቅ አስለብሳለች፤ ያንን ወርቅ ለማሳየት ስትል የማያስቅ ነገር ሁሉ ያስቃታል። ቀብር ላይ እንኳ አፏን በሻሿ ትይዛለች፣ እንዳያመልጣት። ቁጭ ብለን ስንፎካከር ውለን እናመሻለን።

"የእኔ ወርቅ ፊት ለፊት ነው፣ አገር ያየዋል" ትለኛለች። "ያንቺ ብር ከኋላ ተደብቋል። ኮንትሮባንድ ነው።"

"ኮንትሮባንድስ ያንቺ ስኳር ነው" እላታለሁ።

አንድ ቀን ከቱሊጉሌድ በኩል ማሽላ የጫነ ሰውዬ መጣ። ጺሙን ሂና የተቀባ፣ አፉ ከመሐላ የማይለይ ሰው ነው። "ሆዮ" አለኝ፣ እናቴ ማለቱ ነው፣ "ወላሂ ደረቅ ነው! እንደ በረሃ!" እኔም ዘገንኩ፣ አንዷን አፌ ውስጥ ጣል አደረግሁ፣ ቀጭ።

ቀጭ ብቻ አይደለም፤ ቀጯ! ጆሮዬ ድረስ ነው የተሰማኝ። ጠጠር ነበረች። መዳፌ ላይ ብተፋ፣ ግማሽ ጠጠርና የምስር ክክ የምታክል የብር ቁራጭ ወጣች። ተራው ሁሉ መዳፌን ሊያይ አንገቱን አሰገገ። ሰውዬው ብቻ አልገባውም።

"ሰማችሁ? ጮኸ አይደል?" አለ ወደ ሰዉ ዞሮ። "ደረቅ ነው አላልኳችሁም!"

በዚያ ሕመሜ ላይ ሳቄ መጣ። ስስቅ ደግሞ ነፋሱ ጥርሴ ውስጥ ገባና ሳቄን ወደ ለቅሶ ቀየረው።

ከዚያ በኋላ ያየሁትን አትጠይቁኝ። ሙቅ ስጠጣ ያመኛል፣ ቀዝቃዛ ስጠጣ ያመኛል። ምላሴ ደግሞ ወሬ እንደምትወድ ጎረቤት ሄዳ ሄዳ የተሰበረውን ካልነካሁ ትላለች፣ ስትነካው ይቆርጣታል። ቅርንፉድ ነከስኩ። ጓደኛዬ ገበያ ውስጥ በጉጠት የሚነቅል ሰው አውቃለሁ አለችኝ፤ የወንድሟን ጥርስ በአንድ ስበት እንዳወጣው ማለች። በኋላ ስጠይቅ፣ ያወጣው የታመመውን ሳይሆን ጎረቤቱን ነው አሉ።

ድሬዳዋ ያለው ልጄ በስልክ ሰማ። ማን እንደነገረው አላውቅም፤ የጥርሴ ነገር ከእኔ ቀድሞ ድሬዳዋ ገባ።

"እማዬ፣ በቃ አስነቅይውና ወደዚህ ነይ" አለኝ። "ይበቃሻል። እዚህ ተጦሪ።"

ይኼ ልጅ ሰበብ ሲፈልግልኝ ዓመታት ሆኖታል። መጀመሪያ በጉልበቴ መጣ፣ አልሆነለትም። ቀጥሎ በዓይኔ መጣ። አሁን ጥርስ አገኘ። የድሬዳዋው ጡረታ ምን እንደሆነ አውቀዋለሁ፤ ግቢው ውስጥ ወንበር ላይ ተቀምጦ የተሰጣ ልብስ መጠበቅ ነው። "እማዬ ዝናብ መጣ፣ ልብሱን" ሊሉኝ። እዚያማ ዝናብ እንኳ ስንቴ ይዘንባል! እኔ ግን ገባኝ፤ ጥርሱ ከተነቀለ መንከስ ቀረ። መንከስ ከቀረ እህል ተራ ላይ ያለኝ መቀመጫ ቀረ፤ ዓይኗ የደከመ አሮጊት ማንም እርጥብ እህል ይጭንባታል። ልጄም አንጠልጥሎ ይወስደኛል።

"ጥርሱ አይነቀልም" አልኩት።

"እንግዲያው ቅዳሜ መጥቼ አያለሁ" አለኝ። "መሥራት ካቃተሽ ይዤሽ እሄዳለሁ።"

የእሱ ልጅ፣ የልጅ ልጄ፣ ከእኔ ጋር ነው የምትኖረው። ጤና ኮሌጅ ትማራለች። ማታ በእጅ ባትሪ አፌን ከፍታ አየችና ከንፈሯን ነከሰች።

"እማማ፣ ይኼ ብር ብር ብቻ እንዳይመስልሽ። ግማሹ ባዜቃ ነው።"

"የምን ባዜቃ?"

"ትኩሳት መለኪያው ውስጥ ያለው፣ የሚያብረቀርቀው።"

"ታዲያ እስከ ዛሬ ትኩሳቴን ስለካ ነው የኖርኩት?"

አልሳቀችም። ባዜቃ መርዝ ነው አለችኝ፤ ጥርስ ውስጥ ጠንክሮ ሲቀመጥ ብዙ አያስቸግርም፣ ሲሰረስሩት ግን ይሞቅና በዓይን የማይታይ ጭስ ይሆናል፣ በአፍንጫ ይገባል። ስለዚህ እንዲሁ ማንም ጎርጉሮ አያወጣውም፣ የሚያውቅበት ሐኪም በጥንቃቄ ነው የሚያወጣው አለች። "ሁለቱንም ነው የምናስወጣው" ብላ ፈረደች። ዘንድሮ የተማረችውን ዘንድሮውኑ እኔ ላይ ካልሞከረች አይሆንላትም። ባለፈው የተማረችው የደም ግፊት ነበር፤ ክንዴን በመለኪያው ስታስር ስትፈታ ክረምቱ አለፈ።

እኔ ግን ሌላ ሐሳብ ነበረኝ፣ ለእሷ አልነገርኳትም። እኛ ዘንድ ሴት ብሯን ሜዳ ላይ አትጥልም። የተሰበረ አምባርም ይሁን ያለቀ ጉትቻ፣ ነጠላ ጫፍ ላይ ይቋጠራል፣ ሲጠራቀም አንጥረኛ ጋ ይወሰዳል፣ ቀልጦ ሌላ ይሆናል። ያችን ቁራጭ ነጠላዬ ጫፍ ላይ ቋጥሬያታለሁ። ሐኪሙ የቀረውን ሲያወጣልኝ እጨምርበትና፣ አንጥረኛው አቅልጦ ለልጅቷ የምርቃት ቀለበት ይሠራልኛል። ከአያቷ አፍ የወጣ ቀለበት! እንደዚያ ያለ ማን አለው?

ሐኪም ቤት ሦስት ሆነን ሄድን፤ እኔ፣ የልጅ ልጄ፣ ጓደኛዬ። ጓደኛዬን ማንም አልጠራትም። ሱቋን ዘግታ "ስትጮሂ መስማት አለብኝ" ብላ መጣች።

የጥርስ ሐኪሙ ለጋ የጅጅጋ ልጅ ነው፣ ሶማሌ ነው፣ አማርኛው ከእኔ ይሻላል። "አዬዮ፣ ይቀመጡ" አለኝ። አያቴ ማለት ነው በእነሱ።

"አንተ ነህ ሐኪሙ? የራስህ ጥርስ በቅሎ አልቋል?"

"ሁለት ይቀሩኛል አዬዮ። እስኪ የእርስዎን ልይ።"

አየ፣ በትንሽ መስታወት አየ፣ በቀጭን ብረት ኳ ኳ አደረገ። ከዚያ ለልጅቷ እንዲህ አላት፦ "የቀኙ ደህና ነው፣ አልተሰነጠቀም፣ አይነካም።"

"ባዜቃ ነው እኮ!" አለች።

"ነው። ግን ተኝቷል። የተኛ ጅብ ምን አደረገኝ ተብሎ ይቀሰቀሳል? ሲወጣ የሚለቀው፣ ተቀምጦ ከሚለቀው ይበልጣል። የግራው ግን ተሰብሯል፣ ከሥሩም መበስበስ ጀምሯል፤ እሱ መውጣት አለበት።"

ልጅቷ ኩምሽሽ አለች። እኔ ስለ ራሴ ጠየቅሁ። "ጥርሱስ? ይተርፋል?"

"እሱን ብሩን ሳነሳ ነው የማየው አዬዮ። ስንጥቁ እስከ ሥሩ ወርዶ ከሆነ ይነቀላል። ካልወረደ አተርፈዋለሁ።"

በዚያ ጊዜ ነው የፈራሁት። መርፌውን አልፈራሁም፣ ባዜቃውንም አልፈራሁም፤ የተሰጣ ልብስ ነው የታየኝ።

አደነዘዘኝ። ጉንጬ የሰው ጉንጭ ሆነ። ከዚያ ደግሞ እንደ ፊኛ የሚለጠጥ ሰማያዊ ላስቲክ አወጣ፣ መሐሉን በሳ፣ ያቺን አንዷን ጥርስ ብቻ በቀዳዳው አሾልኮ ሌላውን አፌን በሙሉ ከለለው። ከበሮ ሲለጎም አይታችኋል? እንደዚያ ወጠረኝ። ስብርባሪው ወደ ጉሮሮዬ እንዳይወርድ ነው አለ። አፍንጫዬ ላይ ንጹሕ አየር የሚያመጣ ቱቦ አደረገልኝ፣ ዓይኔን በመነጽር ሸፈነው፣ ደረቴ ላይ ጨርቅ አለበሰኝ። እሱም እንደ ሽፍታ ተሸፋፈነ። መስኮቱን ወለል አድርጎ ከፈተና ሁለቱን ሴቶች "ውጡ" አላቸው።

ልጅቷ ወጣች። ጓደኛዬም ወጣች፤ ዞራ በመስኮቱ መጣች እንጂ! አንገቷን አስገባችና አየችኝ፣ ያ ወርቋ ብልጭ አለ።

"ዛሬ አፍሽ ተዘጋ!" አለች። "አላህ ይመስገን! ስንት ዓመት የጠበቅሁት ቀን ነው። ናያ፣ አንቺ ሴትዮ፣ ስሚኝ፣ ባለፈው የበቆሎ ነገር ላይ ትክክል እኔ ነበርኩ። መልሽልኝ እንጂ! ምነው ዝም አልሽ?"

"ኧ ኧ ኧ" አልኩ በላስቲኩ ውስጥ። ስድብ ነበር።

"ተስማምታለች!" አለች።

ሐኪሙ መሰርሰሪያውን እንደያዘ "ከመስኮቱ ራቁ!" ብሎ ጮኸባት። "ጭሱ የሚወጣው በዚያ ነው!" ጓደኛዬ በሕይወቷ እንደዚያ ስትሮጥ አላየሁም። ከግቢው ዛፍ ሥር ቆማ ከዚያ ትጮህልኝ ጀመር።

ሥራውን ልንገራችሁ። እኔ የጠበቅሁት እንደ ድንጋይ ፈላጭ ይደበድበኛል ብዬ ነበር። እሱ ግን ብሩን እራሱን አልፈጨውም፤ ዙሪያውን በቀስታ ቆረጠው። ውሃ ያለማቋረጥ ይረጭበታል፣ እንዳይሞቅ። ሌላ ወፈር ያለ ቱቦ እዚያው አጠገቡ ሆኖ ውሃውንም ብናኙንም እየማገ ይወስዳል፤ የውሃ ገንዳ ላይ እንደተለቀቀ ግመል ነው ድምፁ፣ ሽሉልሉል። ቆረጥ ያደርጋል፣ ያቆማል፣ በብረት ፈንቀል ያደርጋል። እንደዚያ እያለ ብሩ በትልልቁ ተፈንቅሎ ወጣ። ከዚያ መስታወቱን አስገብቶ ያይ ጀመር። አዙሮ አየ፣ መልሶ አየ። እኔ የሐኪሙን ቅንድብ ብቻ ነው የማየው፤ ሌላው ተሸፍኗል። ቅንድብ ደግሞ አይነበብም።

"አዬዮ" አለ በመጨረሻ። "ስንጥቁ ሥር አልደረሰም። ጥርሱን አተርፈዋለሁ።"

እንባዬ በመነጽሩ ሥር ወረደ። "አመመዎት?" አለኝ። ራሴን ነቅንቄ አይደለም አልኩት።

የበሰበሰውን ጠርጎ ነጭ ነገር ሞላበት፣ ላስቲኩን ፈታልኝ። የእኔ የመጀመሪያ ቃል ምን መሰላችሁ? "ብሬን!" ነው። ግማሽ አፌ ስለደነዘዘ የወጣው "ብዌን" ነው፣ ግን ገባው።

"አይሰጥም አዬዮ።"

"እንዴት አይሰጥም? ከእኔ አፍ አይደል እንዴ የወጣው?"

ውሃ ያለበት፣ ክዳኑ የጠበቀ ማሰሮ መሳይ ብልቃጥ አሳየኝ፤ ቁርጥራጩ ሥሩ ላይ ተኝቷል። እንዲህ ተዘግቶ ነው የሚቀመጠው አለ።

"ምን ልታደርጊው ነው እማማ?" አለች ልጅቷ ገብታ።

"ላንቺ ቀለበት ነዋ! አንጥረኛው ያቀልጠዋል። ይቺንም ይዣለሁ" ብዬ የነጠላዬን ጫፍ ፈታሁ።

ሁለቱም አንድ ላይ ጮኹ። ለካ ትልቁ አደጋ እዚያ ነበር። ሐኪሙ ቁጭ ብሎ አስረዳኝ፤ ባዜቃ እሳት ሲያገኝ አይቀልጥም፣ ይተናል። አይሸትም፣ አያስነጥስም። አንጥረኛው ወናፉን እየነፋ ብሩ ላይ ሲያጎነብስ ሁሉንም እሱ ነው የሚስበው።

የአንጥረኛውን ቤት አውቀዋለሁ። ወናፉ ካለበት አንድ ክንድ ርቀት ላይ ሚስቱ አራስ ተኝታለች። እኔ ደግሞ ጨቅላውን ስሜ፣ በረካ ብዬ፣ ያንን መርዝ አባቱ እጅ ላስቀምጥ ነበር። ቁራጯን በሁለት ጣቴ ይዤ ብልቃጡ ውስጥ ጣልኳት። ጠብ አለች።

"ጉምሩክ ወረሰሽ" አለች ጓደኛዬ ከበሩ ላይ።

"አሁን ይጠንቀቁ" አለኝ ሐኪሙ ሲሸኘኝ። "ይኼ ጥርስ ያኝካል፣ ይበላል። ግን እንዲህ በኃይል ጥሬ እህል እንዲሰብሩበት አልፈልግም። ደግሞ ለጥቂት ቀን እንደ እንግዳ ሆኖ ይሰማዎታል።"

"እሺ ልጄ" አልኩት። ጥርስ ባለበት አፍ "እሺ" ማለት ምን ይከብዳል?

ቅዳሜ ልጄ ከድሬዳዋ መጣ። ከእህሌ ጎን ባለው ጆንያ ላይ ተቀመጠና ጠባቂ ሆነብኝ። ሻንጣ አልያዘም፤ የእኔን ልብስ የሚከትበት ባዶ ሻንጣ ግን ቤት አስቀምጦ መጥቷል፣ ልጅቷ ነግራኛለች። ወዲያው አንድ የማላውቀው ነጋዴ ስንዴ ጭኖ ደረሰ። ወፍራም፣ ጫት ጉንጩ ላይ ያሳደረ፣ ቸኩሎ የሚያወራ። የተራው ደላላ ጆሮው ላይ አንድ ነገር ሹክ አለው፤ ሰውዬው ወደ እኔ አየ። ተራው ሁሉ ወደ እኔ አየ። ጓደኛዬ ስኳር መስፈሯን አቆመች።

ዘገንኩ። አንዷን ፍሬ በምላሴ ወደ ግራ ላክኋት። ቀስ ብዬ፣ የሐኪሙን ቃል አስቤ፣ ጫን አልኳት።

ምንም! ምንም አልሰማሁም። ፍሬዋ ተሰበረች፣ ግን ጥርሱ ደንቆሮ ነው፤ ጮኸች አልጮኸች፣ ደረቀች ረጠበች፣ አይነግረኝም። ብሩ ጆሮዬ ነበር ለካ። እንደ ባዕድ አፍ ውስጥ የሆነ ነገር አኝካለሁ፤ የልጄ ዓይን ደግሞ አገጬ ላይ ተተክሏል።

ምን ላድርግ? ማኘኬን ቀጠልኩ። ዓይኔን ጨፈንኩ። አንገቴን ትንሽ ዘመም አደረግሁ፣ ከሩቅ የሚመጣ ወሬ እንደምሰማ። ሁለተኛ ፍሬ አነሳሁ። ቅንድቤን ወደ ላይ አወጣሁ፤ ይኼን ከሐኪሙ ነው የተማርኩት። ሰውዬውን አየሁት። ሰውዬው ጫቱን ከግራ ጉንጩ ወደ ቀኝ አዞረ። ግንባሩ ወዛ። አንገቴን ነቀነቅሁና "አይ" አልኩ ለራሴ፣ በቀስታ። "አይ፣ አይ፣ አይ።"

"የላዩ ደረቅ ነው!" አለ ሰውዬው።

እኔ ማኘኬን አላቆምኩም።

"ወላሂ የላዩ ደረቅ ነው... ከሥር ያለው ነው፣ መኪናው ላይ ያለው... መንገድ ላይ ዝናብ ነክቶታል። ትንሽ። ዝናብ ነው፣ እኔ አልረጨሁም!"

ተራው በሳቅ ተናጋ። ጓደኛዬ ወርቋን አሥር ጊዜ አሳየች። ልጄ አፉን ከፍቶ እኔን ያያል።

"እማዬ" አለኝ ቀስ ብሎ፣ "በሁለት ፍሬ ከመኪናው ሥር ያለውን እንዴት አወቅሽ?"

ስንዴዋን ዋጥኩና አፌን በነጠላዬ ጠረግሁ።

"ተነስ" አልኩት። "የተቀመጥክበትን ጆንያ ደንበኛ ይፈልገዋል።"